ግመሉ ከሄደ በኋላ

ጨው በግመል በሚመጣበት፣ ከሚሴም የመኪና ጥሩምባ ባልሰማችበት ዘመን፣ አንድ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር በባቲ አድርጎ ወደ አፋር ቆላ ሊወርድ ተሰናዳ። አባቱ የለም። ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ እሱም እንደ አገሩ ልማድ “አኮ” ይላቸዋል። አኮ ባላቸውን በዚያው መንገድ ሸኝተው ያልተቀበሉ ሴት ናቸው። እንዲያም ሆኖ “አትሂድ” አላሉትም። ጨው የሚያመጣ ሰው ከቤቱ መውጣት ነበረበት።

የመሄጃው ዋዜማ ልጁ ዕቃውን ግቢው ውስጥ ዘረጋ። ሁለት ስልቻ ውኃ፣ አንድ አቅማዳ በሶ፣ ቅቤ፣ ቡና፣ ድስት፣ ጀበና፣ መጥረቢያ፣ ገመድ፣ ለብርድ አንድ ጋቢ፣ ለማማር ሌላ ጋቢ። ግመሉ ላይ ጭኖ ዞር ብሎ አየውና ደስ አለው። የጎደለ ነገር የለም።

“ይኸ ሁሉ የማን ነው?” አሉ አኮ።

“የኔ ነዋ። ቆላ ውኃ የለም፣ ምግብ የለም ያሉኝ አንቱ አይደሉም?”

“ያንተ አይደለም፤ የግመሉ ነው። እስቲ ግመሉን ወዲያ ውሰደው።”

ልጁ ግመሉን ከነጭነቱ አጥሩ ጥግ አስሮ ተመለሰ።

“በል፣ ሽፍታ ነዳው። ምን ቀረህ?”

ትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን ከረጢት አሳያቸው። በሶ አለው፣ ቢላዋ አለው፣ ክብሪት አለው።

“እሱንም ጥለኸው ሮጥህ። ጥይት ሲጮህ ከረጢት ይዞ የሚሮጥ የለም፤ ካለም ይደረስበታል። አሁንስ?”

ልጁ ወደ ራሱ ተመለከተ። የቀረው ሽርጡ፣ ሸሚዙና ያ የሚያምር ነጭ ጋቢ ነው።

አኮ እንግዲህ ከቆዳው ጀመሩ። ከሸሚዝ በታች የሚታጠቀው መቀነት ሰፍተውለት ነበር፤ አምስት ኪስ አለው። በአንዱ በሰም ነክረው በቆዳ የጠቀለሉት ክብሪት፣ በአንዱ ትንሽ ሰንጢ፣ በአንዱ መርፌና ክር፣ በአንዱ ለቁስል የሚሆን ንጹሕ ብጣሽ ጨርቅ። በአምስተኛው ከባቲ ገበያ የተገዛች ክብ መስተዋት አለች፤ የመዳፍ ግማሽ ብትሆን ነው። ልጁ መስተዋቷን ሲያይ ሳቀ።

“ቆላ ለማን ልቆነጅ ነው፣ አኮ?”

“ለሚፈልግህ። አንተን ከማዶ ተራራ አያይህም፤ ፀሐይን ግን ያያል።”

እያንዳንዱ ዕቃ ከመቀነቱ ጋር በክር ታስሯል፤ እጅ ቢያመልጠውም መሬት አይወድቅም። ልጁ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። አኮ ግን ዓይኑን በሻሽ ሸፈኑት።

“ቀኝ እጅህን ወደ ኋላ። ተሰብሯል በል። ክብሪቱን አምጣ።”

መርፌውን አመጣ። ተወጋና ሰደበው። እንደገና ሞከረ፤ ጨርቁን አወጣ። አኮ መቀነቱን ፈትተው የክብሪቱን ኪስ ከቀኝ ጎኑ ወደ መሐል አዛወሩት፤ ሁለቱም እጆች ይደርሱበት ዘንድ ነው። መሸ። ልጁ ራበው፣ ተቆጣ። ምንም ሳያይ በግራ እጁ አምስቱንም ኪስ በስማቸው እስኪያውቃቸው ድረስ አልለቀቁትም።

በወገቡ ትንሽ ቅል አንጠለጠሉለት። ትልቁን ቅል እንዲሰጡት ለመናቸው። “ትልቁ ሲደክምህ የምታስቀምጠው ነው፤ ይኸኛው ካንተ ጋር ይወድቃል” አሉት። “ደግሞ ውኃውን በጉንጭ በጉንጭ እየቆጠርክ አታስቀምጥ። ሲጠማህ ጠጣው። የምትቆጥበው ላብህን ነው፤ ፀሐይ ላይ አትንቀሳቀስ። ቅሉ ውስጥ ውኃ እያለ የሞተ ሰው ስንት አለ መሰለህ።”

ነጩን ጋቢም ወሰዱበት። በምትኩ አመድማ አሮጌ ባና ሰጡት። የተከፋው በዚህ ነው፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ።

ከዚያ መንገዱን አስጠኑት። “ሰው ከተበተነ ተራሮቹን በቀኝህ አድርገህ ወደ ደቡብ ሂድ፤ ቦርከናን ታገኛለህ። ቦርከናን ስታገኝ ውኃው ወደሚመጣበት ዙር። ቀን ተኛ፣ ሌት ሂድ። ወንዙ ዳር ግን አትሂድ፤ ወንዝ ዳር የማይመጣ የለም። ወንዙን እየሰማህ ሂድ። ከጨፋ በታች ያለው ትልቁ ዋርካ ስትደርስ ቁም። እኔም ሰው የምልከው ወደዚያ ነው። ከዚያ ብታልፍ እየተፈላለግን እንተላለፋለን።”

በመጨረሻ አጠገባቸው አስቀመጡትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ስምህን እየጠራ የሚመጣ ሁሉ ዘመድ አይምሰልህ። ስምህን ጓደኛህ ያውቀዋል፤ ጓደኛህን የያዘ ሰው በዱላ ያወጣዋል። ልጠይቅህ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለህ ጀበናዬን ሰብረህ የት ቀበርከው?”

ልጁ ደነገጠ። “ያውቁ ነበር?”

“ከበረቱ ኋላ፣ ቁልቋሉ ሥር። እኔና አንተ ብቻ ነን የምናውቀው። ይህን የሚጠይቅህ ከኔ የመጣ ነው። ሌላው ስምህን ቢጠራ፣ ቢያለቅስ፣ በአላህ ቢምልም ከተደበቅህበት አትውጣ።”

ሲራራው ባቲን አልፎ ወረደ። ጎህ ሲቀድ፣ ገና ጭነት ሳይነሣ፣ ተኩስ ተከፈተ። የልጁ ግመል በርግጎ ከነስልቻው፣ ከነበሶው፣ ከነጀበናው ጠፋ። ከረጢቱ ራስጌው እንደነበረ ቀረ። ከነጋዴዎቹ አንዱ ጭነቱን ሊያድን ተመልሶ ተያዘ። ሌላው አምልጦ ኮረብታ ላይ ወጣና ጅብ ፈርቶ እሳት አነደደ፤ እሳቱን ቀድመው ያዩት ወገኖቹ አልነበሩም።

ልጁ ሲሮጥ ገደል ገብቶ የቀኝ አንጓው ተሰበረ። እግዜር ወይም አኮ ያውቃሉ፣ ቀኙ ነበር። በግራ እጁ ጨርቁን አውጥቶ፣ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ አሰረው። የቅሉን ውኃ ጠጣ። ከግራር ሥር ገብቶ ባናውን ተከናንቦ ተኛ። ሽፍቶቹ ቀኑን ሙሉ የውኃ ጉድጓዱን ሲጠብቁ ዋሉ፤ የተጠማ ሰው የሚሄደው ወደዚያ መሆኑን ያውቃሉ። እሱ ግን የሄደው ሌሊት፣ እነሱ ተሰላችተው ከተነሡ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጧት ቦርከና ደርሶ ነበር፤ ግን አቅም አልቆበታል። ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ አንድ ሽማግሌ አፋር ፍየል ሲያጠጡ አየ። አኮ ለዚህም ነግረውታል፦ አይተህ ሳትጨርስ አትታይ፣ ጎረምሶች የበዙበት ጋ አትሂድ፣ ልጅና ግልገል ያለበትን ምረጥ። ከሽማግሌው ጋር አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች። ብዙ ጠበቀ፤ ሌላ ሰው አልመጣም። ባዶ እጆቹን ዘርግቶ ወጣ።

ሽማግሌው ኦሮምኛ ይሰማሉ። ወተት ሰጡት። ከዚያ አስቀምጠው ዳጉ ጠየቁት፤ በአፋር ዘንድ መንገደኛ ወሬ ሳይሰጥና ሳይቀበል አያልፍም። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ የማን ግመል ተነዳ፣ ማን ቆሰለ። ልጁ የሚያውቀውን ተናገረ። ሊሄድ ሲነሣ “ከሚሴ ከገባሁ ውለታዎን እከፍላለሁ” አላቸው። ሽማግሌው መልስ አልሰጡም፤ ይህን የሚል መንገደኛ ከዚህ በፊትም ሳይሰሙ አልቀሩም።

ዳጉው ከልጁ እግር ቀደመ። አንድ እጁ የታሰረ ልጅ ቦርከናን ይዞ ወደ ላይ እየሄደ ነው የሚለው ወሬ ከእረኛ እረኛ፣ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየተቀባበለ ባቲ ገባ፤ ከባቲ ከሚሴ።

ልጁ ዋርካው አጠገብ ሲደርስ ከማዶው ሸንተረር በቅሎ የጫኑ ሰዎች አየ። መስተዋቷን አወጣ። ወገን ይሁኑ ሌላ አላወቀም። ፀሐይ የሚያየው ሁሉንም ነው፤ መልሶ ከተታት። ሌሊት ላይ ድምፅ መጣ። ስሙን ጠሩት። ዝም አለ። አንዱ በአላህ ማለ። ዝም አለ። ሊሄዱ ሲሉ አንድ ሌላ ድምፅ፣ የተሳሳተ ነገር የሚናገር እንደመሰለው እያፈረ፣ “እ… ጀበናው የት ነው የተቀበረው?” አለ።

“ቁልቋሉ ሥር!” ብሎ ጮኸ።

ቤት ሲገባ እልልታው ሳያልቅ አኮ መቀነቱን አስፈቱት። ክብሪቱ አልተነካም፤ መስተዋቷም አልበራችም። ሁለቱንም ወደየኪሳቸው መለሷቸው። ከዚያ ወተቱን ያጠጡትን ሰው ስም ጠየቁት። አልጠየቀም ነበር። አኮ የተቆጡት ያኔ ነው፤ ልጁ በሕይወቱ እንዲያ ሲቆጡ አላያቸውም። በሚቀጥለው ሰኞ ባቲ ገበያ ላኩት፤ አንድ ሙክት፣ አንድ ቁና ቡና፣ ለትንሿ ልጅ ኩታ አስይዘው። አላገኛቸውም። በሚቀጥለውም ሰኞ ላኩት። አጎቱ “ለአንድ ቅል ወተት ሙክት?” ብሎ አጉረመረመ።

“ለወተቱ አይደለም” አሉ አኮ። “ያንተ ልጅ ወደዚያ የሚወርድበት ዓመት ይመጣል።”

ይህን ምሳሌ ለተዋጊ ጄት አብራሪ ቢነግሩት እንደ ተረት የሚሰማው አይመስለኝም፤ የሙያው መመሪያ ነው። ከቢሾፍቱ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚበር ጄት ከሚሴ ሰማይ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። በግራው ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው የመንዝ ደጋ ብርድ፣ ከሥሩ የጨፋ ረግረግ፣ በቀኙ የአፋር በረሃ ነው። ከአውሮፕላኑ ቢወጣ ከሦስቱ በየትኛው እንደሚያርፍ የሚወስነው ንፋስና ደቂቃ ነው። የነፍስ ማዳኛ ከረጢት የሚያዘጋጅ ሰው ለሦስቱም ልቋጥር ቢል ግመል ያስፈልገዋል። ያለው ቦታ ግን ከመቀመጫው በታች ያለች ጠባብ ሳጥን ናት።

ሳጥኗም ቢሆን የግመሉ ናት። በሚግና በሱኮይ ጄቶች ወንበር ውስጥ የሚታሸገው፣ ሩሲያውያን ናዝ የሚሉት ጥቅል ሬዲዮ፣ የምልክት ርችት፣ ምግብና መድኃኒት ይዟል። አብራሪው ተወርውሮ ከወጣ በኋላ ወንበሩ ይለየዋል፣ ፓራሹቱ ይዘረጋል፣ ጥቅሉ ከእግሩ በታች በገመድ ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ዛፍ ሊይዘው፣ ገደል ሊገባ፣ ሮጦ ለመሸሸግ ሲሉ ሊተዉት ይችላል። ስለዚህ ዋናው ነገር አብራሪው በሚለብሰው ሰደርያ ኪሶች ይገባል፦ ሬዲዮ፣ ደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ መስተዋት፣ ኮምፓስ። ከሰደርያውም ያነሰው፣ ጨርሶ ሊለይ የማይገባው፣ በበረራ ልብሱ ኪስ። ሁሉም በክር ይታሰራል። በሁለቱም እጅ፣ በጨለማ መገኘት አለበት፤ ከጄት መወርወር ክንድና አከርካሪ የሚጎዳ ነገር ነውና። ልምምዱ አሰልቺ ነው፤ ልጁም ያን ዕለት ማታ ተቆጥቶ ነበር።

የጀበናው ጥያቄም የአኮ ብልሃት ብቻ አይደለም። አሜሪካውያን አብራሪዎች ወደ ጦርነት ከመብረራቸው በፊት ራሳቸው ብቻ የሚያውቁትን ጥቂት ነገር በካርድ ጽፈው ያስቀምጣሉ፤ ከወደቁ በኋላ በሬዲዮ የሚጠየቁት ያንን ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ቦስኒያ ላይ በሚሳኤል የተመታው ስኮት ኦግሬዲ ስድስት ቀን ቅጠልና ጉንዳን እየበላ፣ ቀን እየተኛ፣ ሬዲዮውን እየቆጠበ ተደበቀ። በመጨረሻ ድምፁን የሰማው ባልደረባው የሆነ አብራሪ ነበር። እሱም ወዲያው አላመነውም። ኮሪያ ሳለ በየትኛው ስኳድሮን እንዳገለገለ ጠየቀውና የስኳድሮኑን ቅጽል ስም፣ ጁቫትን፣ ሲሰማ ነው ያመነው።

አንዳንድ ጊዜ ምንም ሳይቋጠር የሚዳን አለ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የጣሊያን አየር ማረፊያ ሲደበድብ የወደቀውን ደቡብ አፍሪካዊ አብራሪ ጃክ ፍሮስትን ጓደኛው ቦብ ከርሾ እዚያው በተኩስ መካከል አርፎ፣ ለአንድ ሰው በተሠራው ሃሪኬን ውስጥ ደርቦ አወጣው። በሚቀጥለው ወር የዚያው አገር ብርጌድ በከሚሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ አለፈ። ጀግንነቱ አያከራክርም። ግን በዚህ ላይ ተማምኖ ከረጢት የሚያዘጋጅ ካለ፣ አኮ ዓይኑን በሻሽ ይሸፍኑት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ሙክቱ ነው። እንግሊዞች በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢራቅና በሕንድ ሰሜን ምዕራብ ድንበር ለሚበሩ አብራሪዎቻቸው በአገሬው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ያስይዙ ነበር፦ ይህን ሰው በደህና ለመለሰ ሽልማት ይሰጠዋል የሚል። አሜሪካኖችም ተከተሏቸው፤ ዛሬም ይይዙታል። ወረቀቱ ክብደት የለውም፤ ዋጋው ያለው ከዚህ በፊት የተከፈለው ላይ ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. አንድ የወደቀ አሜሪካዊ አየረኛን በመርዳቱ ተሠቃይቶ ለተገደለ ኮሪያዊ፣ የአሜሪካ መንግሥት 100,000 ዶላር ለልጁ የከፈለው በ1993 ነው። ዘግይቷል። ቢሆንም አኮ የሚያውቁት ሒሳብ ነው፤ ሰኞው ብዙ ሆነ እንጂ።

ምሳሌው የማይደርስበት ቦታም አለ። አኮ ልጁን ያሰናዱት የሚወድቅበት ምድር ሁሉ ጠላት እንደማይሆን ታስቦ ነው፤ ወተት የሚሰጥ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም ብለው። በሱማሌ ጦርነት በኤፍ-5 የተዋጋው ለገሠ ተፈራ ያ ዕድል አልገጠመውም። ተመትቶ ተያዘና 11 ዓመት ታስሮ በ1980 ዓ.ም. ተመለሰ። ሌላው አብራሪ በዛብህ ጴጥሮስ ቀድሞ በሻዕቢያ እጅ ዓመታት ታስሮ ከተፈታ በኋላ፣ በግንቦት 1990 ዓ.ም. እንደገና ከአውሮፕላኑ ሲወጣ ጃንጥላው ያወረደው አስመራ ከተማ ላይ ነው፤ ባዶ እጅ ዘርግቶ የሚመርጡት ሰው በሌለበት። ለእንዲህ ያለው ቀን የሚቋጠረው በኪስ አይገባም። ሕግ ትንሽ ነገር ይዟል፦ የ1977 እ.ኤ.አ. ተጨማሪ ፕሮቶኮል 1 አንቀጽ 42 ከተመታ አውሮፕላን በፓራሹት የሚወርድ ሰው በአየር ላይ ሳለ እንዳይተኮስበት፣ ጠላት ምድር ላይ ሲያርፍም እጁን የሚሰጥበት ጊዜ እንዲያገኝ ያዛል። ሦስተኛው የጄኔቭ ስምምነት ደግሞ የተያዘ ወታደር ሲጠየቅ ሊመልስ የሚገደደው ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የልደት ቀኑንና የመለያ ቁጥሩን ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ከዚህ ያለፈውን ዝም ማለት የአብራሪው ድርሻ ነው። ዝም ማለትም ልምምድ ይፈልጋል።